ውሃውን ማን አሞቀው? የሮም ጉዞ ማስታወሻ

ልጆች ሳለን ቅዳሜ የገላ ቀን ነበር። እማዬ ከሰል ላይ ትልቅ ድስት ትጥዳለች። ውሃው ሲፈላ ሳፋ ውስጥ ትገለብጠውና በቀዝቃዛ ትበርዘዋለች። መጀመሪያ ትንሿ እህቴ ትገባለች፣ ቀጥሎ ወንድማችን፣ ከዚያ እኔ። እማዬ መጨረሻ ናት። የእሷ ተራ ሲደርስ ውሃው ቀዝቅዟል፣ መልኩም ደፍርሷል። ያኔ ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሮም ውስጥ አንድ ፍርስራሽ መሃል ቆሜ ነው።

እህቴ ሮም ከገባች 11 ዓመቷ ነው። አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ዘንድሮ «እታባ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ነይ» ብላ ቲኬት ላከችልኝ። ሮም የሚሄድ ሰው የሚያየው ሞልቶለታል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታጠቢያ ቤቶቹን ማየት ፈለግኩ። የሳበኝ አንድ ቃል ነው። እኛ ገላ የምንታጠብበትን ገንዳ «ባኞ» እንላለን። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያኖቹም የወረሱት «ባልኔውም» ከሚለው ከላቲኑ ነው። ሽሮ ሜዳ ያደገች እናቴ ሳታስበው የምትጠራው ቃል ከጥንት ሮማውያን አፍ የመጣ መሆኑ ሁሌም ይደንቀኛል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንደኛ ቀን፣ ቴርሚኒ

ሌሊቱን በርሬ ጠዋት ገባሁ። ከአየር ማረፊያው በባቡር ቴርሚኒ ስደርስ እህቴ እየጠበቀችኝ ነበር። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ከዚያ እዚያው አካባቢ የሐበሻ ቤት ገብተን ቡና ጠጣን።

ቴርሚኒ የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። ስሙ የመጣው «ቴርሜ» ከሚለው ቃል ነው፤ የሙቅ ውሃ መታጠቢያ ማለት ነው። ከጣቢያው እንደወጣን ፊት ለፊት ግዙፍ የጡብ ፍርስራሽ ቆሟል። ከ298 እስከ 306 የተሠራው የዲዮክሌሺያን መታጠቢያ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ 3,000 ሰው ያስተናግድ እንደነበር ይገመታል። ከሮም መታጠቢያዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ስሙን ሁለቴ ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ። ዲዮክሌሺያን የእኛው ዲዮቅልጥያኖስ ነው! ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ ነው። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረውም እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። ያ ሰው ለሕዝቡ ይህን የሚያህል መታጠቢያ አሠርቷል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሮም ትውፊት ደግሞ ጡቡን በግዳጅ የተሸከሙት የታሰሩ ክርስቲያኖች ናቸው ይባላል።

በ1560ዎቹ ሚኬላንጄሎ ትልቁን አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። ለቅድስት ማርያም፣ ለመላእክትና ለሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ተሳልመን ገባን። 8 የቀይ ግራናይት ምሰሶዎች ከጥንት ጀምሮ እዚያው ቆመዋል። ሰው እዚህ ራቁቱን፣ እየሳቀና እየጮኸ ይመላለስ ነበር። አሁን ሻማ ይበራል፣ ሰውም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ጣሪያውን ለማየት ቀና ብዬ አንገቴ እስኪደክም ቆየሁ።

ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሐውልታቸው ከመታጠቢያው ፍርስራሽ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። እህቴ አውቶቡስ የምትይዘው በዚያ በኩል ነው። «አሉላን ሳስብ ቀና ብዬ ነው የምሄደው» አለችኝ።

ሁለተኛ ቀን፣ ሲኞራ

እህቴ ሥራ ስለነበራት አብሬያት ሄድኩ። አሮጊቷን «ሲኞራ» ነው የምትላቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ማክሰኞ የገላ ቀናቸው ነው።

ባኞው ጠርዝ ላይ መያዣ ብረት ተገጥሟል። ውስጡ የፕላስቲክ መቀመጫ አለ። እህቴ ቧንቧውን ከፍታ ውሃውን በክርኗ ነካችው። እንደ እማዬ። በእጅ መዳፍ አይደለም፣ በክርን ነው። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ይህን ሳይ ጉሮሮዬ ታነቀ። ከዚያ ፊቴን አዙሬ ወጥ ቤት ሄድኩ፤ የአሮጊት ገላ የሰው ማያ አይደለምና።

ሲኞራ ታጥበው፣ ፀጉራቸው ደርቆ፣ ሻይ ሲጠጡ ስለ ልጅነታቸው ጠየቅኳቸው። እህቴ አስተረጎመችልኝ። ተወልደው ያደጉት ትራስቴቬሬ የሚባለው የሮም ሰፈር ነው። ቤታቸው ባኞ አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ገንዳ ነበር የሚታጠቡት። «ማን ነበር ቀድሞ የሚገባው?» አልኳቸው። «አባቴ» አሉ ወዲያው። «ቀጥሎ ወንዶቹ። እኔና እናቴ መጨረሻ።» እኛ ቤት ትንሽ ትቀድማለች፤ እሳቸው ቤት አባት ይቀድማል። እናት ግን ሁለቱም ቤት መጨረሻ ናት።

ከሰዓት ፒያሳ ፋርኔዜ ሄድን። አደባባዩ ላይ ሁለት ፏፏቴዎች አሉ። ውሃው የሚወርደው ትልልቅ የግራናይት ባኞዎች ውስጥ ነው። እውነተኛ ባኞዎች ናቸው፣ ንጉሡ ካራካላ ካሠራው መታጠቢያ ተነቅለው የመጡ። ሰው ጠርዛቸው ላይ ተደግፎ አይስክሬም ይበላል። ሮም ውስጥ አሮጌ ነገር አይጣልም፤ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ይህን ባህሪዋን ወደድኩላት።

ሦስተኛ ቀን፣ ካራካላ

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት ማለት እችላለሁ።

ወደ መታጠቢያው ስንሄድ መጀመሪያ ያገኘነው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትን ሕንፃ ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመው ከዚህ ሕንፃ ፊት ነበር። በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው ሐውልቱ አካባቢ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የጂምናስቲክ ውድድሩ የተካሄደው ደግሞ እዚሁ ካራካላ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። እህቴና እኔ ባዶ ቦታው ላይ ትንሽ ቆምን። ምንም አላወራንም።

ካራካላ ሲታይ አይታመንም። ግንቦቹ አሁንም ከ30 ሜትር በላይ ይቆማሉ። በ216 ነው የተመረቀው። መዋኛው ብቻ ከ50 ሜትር በላይ ይረዝማል። በአንድ ጊዜ ወደ 1,600 ሰው ይታጠብበት ነበር ይባላል። ቤተ መጻሕፍትም፣ የአትክልት ቦታም ነበረው። መግቢያው ርካሽ ስለነበር ድሃውም ይገባል። አንዳንዴ ንጉሠ ነገሥቱም ከሕዝቡ ጋር ይታጠብ ነበር።

ስለ ንጉሡ ሐድሪያን የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ ቀን አንድ ጡረተኛ ወታደር ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ሲፈትግ አየው። «ለምን?» ሲለው «የሚያሸኝ አገልጋይ የለኝም» አለ። ንጉሡ አገልጋዮችና ገንዘብ ሰጠው። በሌላ ቀን ሲመጣ ሽማግሌዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ጀርባቸውን ይፈትጋሉ። ያኔ «በሉ፣ እርስ በርስ ተሻሹ» አላቸው።

አስተጣጠባቸው ከእኛ ይለያል። ሳሙና የለም። መጀመሪያ ስፖርት ይሠራሉ። ገላቸውን ዘይት ይቀባሉ። ዘይቱን ከላቡና ከእድፉ ጋር ስትሪጂል በሚባል ጎባጣ የብረት መፋቂያ ይፍቁታል። ለብ ያለ ክፍል፣ በጣም የሚሞቅ ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ገንዳ። ሙቁ ክፍል ካልዳሪየም ይባላል። የካራካላው ካልዳሪየም ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 35 ሜትር ያህል ይሰፋል።

ወለሉ ባዶ ነው፣ በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ተነጥፏል። እሳቱ ከታች ይነድዳል፤ ትኩስ አየሩ በወለሉ ሥር አልፎ በግድግዳው ውስጥ ባሉ ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ይሞቀዋል።

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ሰፊ ዋሻ ነው፣ ጋሪ ያስገባል። ወደ 50 የሚሆኑ ምድጃዎች ነበሩ። በቀን ወደ 10 ቶን እንጨት ይፈጁ እንደነበር ይገመታል። እዚህ ታች፣ በጭሱና በሙቀቱ ውስጥ፣ እንጨት የሚያቀብሉት ባሪያዎች ነበሩ። ላይ ሰው ይዘፍናል፣ ይዋኛል፣ ይከራከራል። ታች ደግሞ እነሱ ናቸው። የላዩን ዕብነ በረድ ማን እንዳሠራው ይታወቃል። ከምድጃው ሰዎች አንድም ስም አላገኘሁም፤ በየጥጉ ፈልጌ ነበር።

10 ቶን ስንት እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ስወጣ እማዬ ጋ ደወልኩ። እማዬ በልጅነቷ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ትሸጥ ነበር።

«እማዬ፣ አንድ ሸክም እንጨት ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ኪሎውን እንጃ። ከግማሽ ኩንታል ትንሽ ቢያንስ ነው። ምነው?»

40 ኪሎ ብዬ አሰብኩት። 250 ሸክም ይመጣል። 250 ሴቶች በየቀኑ ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ቢወርዱ ማለት ነው፤ ለአንድ መታጠቢያ። ነገርኳት። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ «ማን ተሸከመው?» አለች።

ሮም ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ሮምን አላየችም።

በ537 ጎቶች የሚባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከብበው የውሃ ቦዮቹን ቆረጡ። ካራካላም በዚያ አበቃ። እሳቱም ጠፋ።

አራተኛ ቀን፣ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሁለት ቦታ ብቻ ሄድኩ።

በቲቤር ወንዝ መሃል ትንሽ ደሴት አለች። እዚያ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዋናው መንበር ሥር ያለው ቀይ የፖርፊሪ ድንጋይ ባኞ ነው። የሐዋርያው አፅም ያረፈው እዚያ ውስጥ ነው ይባላል። ሮማውያን የሚታጠቡበት ገንዳ መንበር ተሸካሚ ሆነ። ተንበርክኬ ትንሽ ጸለይኩ።

ሁለተኛው የላተራኖ ጥምቀት ቤት ነው። በ1347 ኮላ ዲ ሪየንዞ የተባለ የሕዝብ መሪ፣ ባላባትነት በሚቀበልበት ዋዜማ እዚህ የተቀደሰው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ታጠበ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ገንዳው ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀበት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። እኔም የእኛን አጠማመቅ አስታወስኩ፤ ሕፃኑ ሙሉ ገላው ውሃ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የምንታጠበው ውሃ ያ ነው።

አምስተኛ ቀን፣ ፖምፔይ

በፈጣኑ ባቡር ኔፕልስ፣ ከዚያ በአካባቢው ባቡር ፖምፔይ። የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በ79 ከተማዋን በአመድ ስለቀበራት መታጠቢያዎቿ ከሮሞቹ በተሻለ ተርፈዋል። እዚህ ጣሪያው ራሱ አለ።

የፎረሙ፣ ማለትም የከተማዋ አደባባይ፣ መታጠቢያ ውስጥ የካልዳሪየሙ ጣሪያ ቀጥ ቀጥ ባሉ ቦዮች ተሸንሽኗል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጠብታ በቦዮቹ ይዞ በግድግዳው በኩል እንዲወርድ ነው። የሚታጠበው ሰው ጭንቅላት ላይ ቀዝቃዛ ጠብታ አይወድቅበትም። ከ2,000 ዓመት በፊት አንድ ሰው ይህን አስቧል! ይህን የመሰለ ለሰው የማሰብ ነገር ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

እዚያው ትልቅ ክብ የዕብነ በረድ ሳህን አለ። ጠርዙ ላይ የነሐስ ፊደል ተተክሏል። የፈጀው 5,250 ሴስተርስ፣ የሮማውያን ገንዘብ፣ ነው ይላል። ከሕዝብ ገንዘብ ነው የተሠራውና ዋጋው ለሕዝብ ይታያል። ቀጥሎ ባለው ክፍል ደግሞ የነሐስ ማንደጃ አለ። ኒጊዲየስ ቫኩላ የተባለ ሰው ያበረከተው ነው። ቫኩላ ማለት «ትንሽ ላም» ነው፤ ስለዚህ ማንደጃው ላይ ላም አስቀርጾበታል። ስሙን ላነበበውም ላላነበበውም አስታወቀ።

ስታቢያን የሚባለው መታጠቢያ የበለጠ ጥንታዊ ነው። ወንዶችና ሴቶች በተለያየ በር ይገቡ ነበር። ሁለቱን ወገን የሚያሞቀው በመሃል ያለው አንድ የምድጃ ክፍል ነው። የሴቶቹ ወገን ጠበብ ያለ ነው፤ ጌጡም ያንሳል። ለረጅም ጊዜ የቆምኩት ግን እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ ልብስ ማስቀመጫ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ እዚህ ልብሳቸውን እያወለቁ ምን ያወሩ ነበር? ስለ ልጅ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ባል ይሆናል። የወንዶቹን ጫጫታ ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ጽፎልናል። ከመታጠቢያ ቤት በላይ ይኖር ነበር። ክብደት የሚያነሳው ማቃሰት፣ ፀጉር የሚነጭለት ሰው ጩኸት፣ የቋሊማ ሻጩ ጥሪ፣ ሁሉም በጽሑፉ አለ። የሴቶቹን ወሬ የጻፈልኝ ሰው ባገኝ በወደድኩ።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ንጽሕናው እንደምናስበው አልነበረም። ንጉሡ ማርቆስ ኦሬሊዮስ ራሱ መታጠቢያውን ሲያነሳ ዘይት፣ ላብ፣ እድፍና የቆሸሸ ውሃ ነው የሚለው። ያንን ሳነብ የእማዬ ሳፋ ትዝ አለኝ። ብዙ ሰው የገባበት ውሃ ያው ነው።

ስድስተኛ ቀን፣ ኔፕልስ

ሙዚየሙ ውስጥ ከካራካላ የወጣውን፣ የፋርኔዜ በሬ የሚባለውን ትልቅ ሐውልት አየሁ። ግሩም ነው። ግን ቶሎ ወጣሁ፣ እግሬ ዝሎ ነበር።

ያደርኩበት ቤት ባኞ አራት የብረት እግር አለው፤ እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ ይመስላሉ። እንዲህ ያለው በኤናሜል የተለበጠ የብረት ባኞ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ማይክል ኮለር በ1883 የከብት ገንዳ ላይ ኤናሜል ለብጦ አራት እግር ሲጨመርበት ባኞ ይሆናል ብሎ ሸጠ፤ ኩባንያው ታሪኩን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሮማውያን 1,600 ሆነው የሚገቡበት ነገር አሁን ለአንድ ሰው ሆነ። በሩም ይዘጋል።

ቧንቧውን ከፈትኩ። ባኞው ሳይጋመስ ሙቁ ውሃ አለቀ። ቦይለሩ ትንሽ ነው። የሞላ ባኞ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። በጀሪካን ሰባት ተኩል ይሆናል። ከቦኖ ሰባት ተኩል ጀሪካን መቅዳት፣ ማምጣት፣ ማሞቅ። እኛ ቤት በሳምንት አንድ ሳፋ ብቻ የሆነው እማዬ ስለሰሰተች አልነበረም። ለብ ባለው ግማሽ ባኞ ውስጥ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ይህን ሳሰላ ቆየሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወጣሁ።

በነጋታው እህቴን ተሰናብቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ፍልውሃ

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ «እማዬ፣ ተነሺ ፍልውሃ እንሂድ» አልኳት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልሄደችም። መጀመሪያ «ቤት ውስጥ ሻወር አለ አይደል?» አለች። በኋላ ግን ንጹሕ ነጠላዋን አውጥታ ለበሰች።

ከተማችን የተቆረቆረችው በዚህ ውሃ ምክንያት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1879 እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንጦጦ ብርድ ነው፣ እንጨቱም እየራቀ ነበር። እዚህ ታች ግን ውሃው ከምድር ሲወጣ ፈልቶ ነው የሚወጣው። ማገዶ አይፈልግም። ተሸካሚ አያስፈልገውም። ታክሲ ውስጥ ይህን ስነግራት እማዬ በመስኮት ወደ እንጦጦ ትመለከት ነበር። «ያን ዳገት አውቀዋለሁ» አለች።

ቲኬት ቆርጠን ተራ ጠበቅን። ሴቶች ፎጣና ሳሙና በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል፣ ያወራሉ። እማዬ ከአጠገቧ ካለችው ጋር ወዲያው ተግባባች። ተራችን ሲደርስ ገብተን በሩን ዘጋን። ቧንቧውን ከፈተች። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። ውሃውን በክርኗ ነካችው።

«ደህና ነው። በይ ግቢ» አለችኝ።

«አይ። ዛሬ አንቺ ነሽ።»

ነጠላዋን ተቀብዬ ሰቀልኩላት። ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ ጀርባዋን አሸሁላት።